ምዕራፍ ስድስት፦ ግንቡ ቆሞ ግምጃ ቤቱ ሲጎድል

የጎንደርን የነገሥታት ግቢ የሚከበው የድንጋይ ቅጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት፤ እነርሱም ፊት በር (ወይም ጃን ተከል በር)፣ እልፍኝ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ ግምጃ ቤት ማርያም በር፣ ሌላም እየተባሉ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይጠራሉ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማይቱን ከቆረቆሩ ወዲህ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ያሠሩት ይህ የኖራና የድንጋይ ሥራ፣ እየተጠገነም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይታያል፤ በውስጡ ይጠበቅ የነበረው ንዋይ ግን ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የከተማይቱን አድባራት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወጥተው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ በወደቀች ጊዜ ደግሞ ከዚያ የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወርዶ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከዚያ የተረፈውን በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ገብተው አቃጠሉት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ከቅጥሩ ወጥቶ አዳናት እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ የታወቀውን ታሪክ ለመድገም ሳይሆን፣ ስለ ቤት ጥበቃ የሚጻፍ ምዕራፍ ሊጀምርበት የሚገባው እውነት በዚህ ከተማ በድንጋይ ተጽፎ ስላገኘሁት ነው። ቅጥሩ አልፈረሰም፤ በሮቹም አልጠፉም፤ ነገር ግን በሮቹን የሚጠብቁት ሰዎች በተበተኑ ጊዜ ወይም ራሱ የአገሩ ባለቤት እጁን ባነሣ ጊዜ፣ የድንጋዩ ውፍረት አንዲት ብራና እንኳ ማስቀረት አልቻለም። ከጎንደር አዘዞን አልፎ ፀዳ የሚኖር፣ ቆርቆሮ የለበሰች የጭቃ ቤት፣ ሁለት ጥማድ በሬ፣ አንድ ቴሌቪዥንና የሚስቱን የወርቅ ጉትቻ ይዞ የሚያድር ሰውም፣ ሀብቱ ከነገሥታቱ ሀብት ጋር ባይወዳደርም፣ የጥበቃው ሕግ ግን ያው አንድ ነው፦ በርና ግድግዳ ሌባን ያዘገያሉ፤ የሚያስቀረው የሰው ዓይን ነው፤ ከሄደም በኋላ የሚመልሰው መዝገብ ነው። ስለ ሦስቱም በተራ እናገራለሁ፤ ስለ በሩ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነውና ሰፋ አድርጌ እጀምራለሁ።

ከአዲሶቹ የፀዳ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቆመን በሩን በቀስታ እንመርምር። ባለቤቱ ከጎንደር ገበያ ወፍራም ጓጉንቸር ገዝቶ አንጠልጥሏል፤ ሲነሡት እንደ መዶሻ ይከብዳል፤ በዚህም ልቡ አርፏል። ጓጉንቸሩ ግን የሚንጠለጠለው በስስ የብረት ቀለበት ላይ ነው፤ ቀለበቱም በሁለት አጫጭር ቪቶች ከበሩ ሳንቃ ጋር ተይዟል፤ ሳንቃው ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ የተመታ ባሕር ዛፍ ስለ ሆነ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ቪቶቹን ለቋቸዋል። ሌባ ከጓጉንቸሩ ጋር አይታገልም፤ አንድ የብረት ዘንግ በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ ወደ ታች ቢጫነው ቀለበቱ ከነቪቱ ይነቀላል፤ ጓጉንቸሩም እንደ ተቆለፈ መሬት ላይ ይገኛል። ስለዚህ በሩን የሚያሠራ ሰው በጓጉንቸሩ ላይ ከሚያወጣው ገንዘብ ይልቅ ቀለበቱ በሳንቃው ውስጥ ዘልቆ ከውስጥ በኩል በሚታሰር ረጅም ብሎን እንዲያዝ፣ መቃኑም ከግድግዳው ጋር በቁም ነገር እንዲተሳሰር አናጺውን ቢያስጨንቅ ይሻለዋል። ማጠፊያዎቹንም ይመልከታቸው፤ ከውጭ በኩል የተመቱ እንደ ሆነ በሩ ከቁልፉ ሳይሆን ከማጠፊያው ይከፈታልና። ሌሊት ቤተ ሰብ በውስጥ ሲኖር ደግሞ አባቶቻችን ይጠቀሙበት ከነበረው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከሚያልፈው የእንጨት መወርወሪያ የሚሻል ነገር እስካሁን አላየሁም፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከውጭ የሚነካው ቁልፍም የለውም።

ግድግዳው ሌላ ጉዳይ ነው። በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ፣ በተለይ የክረምቱ ዝናብ ከጓሮ በኩል ካራሰው፣ ለቤት ሰርሳሪ ከበር ይልቅ የቀለለ መግቢያ ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ ሆኖ እስከ ወገብ ከፍ ብሎ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ሰርሳሪው ድምፅ ሳያሰማ ሊያልፈው አይችልም፤ የደጋው ሰው ከጥንት ጀምሮ የቤቱን እግር በድንጋይ የሚያቆመው ለውርጭና ለምስጥ ብቻ አይደለም። የጣራው ቆርቆሮ ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት መግቢያ ነው፤ ጥቂት ምስማሮች በመንቀል አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ማንሣት የአንድ አፍታ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከጣራው በታች ጠንካራ ኮርኒስ የሌለው ሱቅና መጋዘን ሁሉ በሩ የቱንም ያህል ብረት ቢሆን ከላይ ክፍት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሰው ዓይን ልለፍ። ሌባ የሚመርጠው ሀብታሙን ቤት ሳይሆን ባዶውን ቤት ነው፤ ባዶ ቤት የሚበዛበት ቀን ደግሞ በዓመቱ ውስጥ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከፀዳ፣ ከአዘዞና ከአካባቢው ገጠር ሁሉ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ ብዙው በዚያው ያድራል፤ በመንደሩ የሚቀረው ሕመምተኛና እንስሳ ነው። የትንሣኤ ሌሊትም እንዲሁ ነው፤ የገበያው ቅዳሜ፣ የዒድ ሰላት ጧት፣ የአዝመራው ወራትና የቀብር ሥነ ሥርዓት ሁሉ በዚሁ መዝገብ ይቆጠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ቀብር ነው፤ ሌላው ቀን ታስቦበት ሲመጣ ሞት ግን በድንገት ደርሶ አባወራው ነጠላውን እየዘቀዘቀ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሮጣልና። ዕድርተኞች ለቀስተኛን ሲመድቡ፣ ውኃ የሚቀዳና ድንኳን የሚተክል እንደሚለዩ ሁሉ፣ ሁለት ጎልማሶችን በመንደሩ ውስጥ እንዲዘዋወሩ ቢያስቀሩ ለሟቹ ክብር የሚጎድል አይመስለኝም።

ስለ ውሻ ጥቂት ቃል ይበቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የተነገረው ቀን ሙሉ ታስሮ ለሚውለውና ከማንም እጅ ለሚበላው ውሻ ይመስለኛል፤ ከባለቤቱ እጅ ብቻ እንዲበላ የተለመደ፣ ሌሊት ተፈትቶ በቅጥሩ ውስጥ የሚዞር ውሻ ግን ከዘበኛ አያንስም። ዘበኛ የቀጠረም ሰው አስቀድሞ ዋሱን ይወቅ፤ ከዚያም እንቅልፍ እንዳይጥለው ጋቢና ትኩስ ነገር ይስጠው፤ ብርድ የያዘው ዘበኛ በጎንደር ክረምት ሌሊት የሚጠብቀው ራሱን ነው።

ከውሻውም ከዘበኛውም በላይ የሚያስፈልገው ግን የጎረቤት መተዋወቅ ነው። የቀድሞው መንደር ሰው ሁሉ እንግዳውን ከነአገሩና ከነአባቱ ስም ያውቅ ነበር፤ በዛሬይቱ ፀዳ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ተማሪዎች፣ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞችና አንድ ነጋዴ ሲኖሩ አንዱ የአንዱን ስም ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል፤ አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ ላፕቶፕ ታቅፎ ከግቢው ቢወጣ ተማሪ ይሆናል ብሎ የሚያሳልፈው እንጂ የማን ነህ የሚለው የለም። የግቢው ባለቤት እመቤት ተከራዮችዋን በአንድ ቡና ላይ ሰብስባ ብታስተዋውቃቸው፣ ለአጥሩ ከምትገዛው የሾህ ሽቦ ይልቅ ይጠቅማታል።

ሌባ ሁሉ ግን በጓሮ አይመጣም። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት እንደ ተባለ፣ ብዙ ንብረት የሚጠፋው ባለቤቱ ራሱ ባሳየው መንገድ ነው፤ በሠርግ ቀን ወርቁ ከየት ሣጥን እንደ ወጣ ያየ ሁሉ፣ ግድግዳ ሊመርግ መጥቶ ጓዳውን የገባ ሁሉ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ መላኩን በጠላ ቤት የሰማ ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ነገሩን የሰማው ሰው ለሌላ ሲነግረው ግን ከአፍ ወደ አፍ እያለፈ ከማን ጆሮ እንደሚደርስ አይታወቅም። በሐዘኔታና በስጦታ የሚመጣም አለ። ለዚህ ከፀዳ ታሪክ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ።

በፀዳ የተቀበሩት ጻድቁ ዮሐንስ፣ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡት፣ በጎንደር አጠገብ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ ግድግዳዎቹም ከጊዜ በኋላ በሸራ ላይ በተሣሉ ሥዕላት ተሸፈኑ። በ1924 ዓ.ም. ክረምት በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ጎንደር ደረሰና ለብዙ ወራት ተቀመጠ። እነዚህ ሰዎች የመጡት በቀን ነው፤ በደብዳቤና በሰላምታ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ እንደሚያፈስና ሥዕሎቹ እየበሰበሱ መሆናቸውን ከቀሳውስቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ጣራውን ሊያሳድሱና በአሮጌው ሥዕል ፈንታ አዲስ ሊሰጡ ተስማሙ። አብሯቸው የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሥዕሎቹን ግልባጭ ሠራ፤ ግልባጩ በግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ የጥንቶቹ ሥዕሎች ግን ተነቅለው፣ ተጠቅልለው፣ ተጭነው ፓሪስ ገቡ፤ ዛሬም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዚያን ጉዞ ውሎ በመጽሐፍ አውጥቶታል። ይህ ስርቆት ነው ወይስ ውል ነው ብሎ የሕግ ሰው ሊከራከር ይችላል፤ እኔ ግን አንድ ቅርስ ለዘለዓለም ከቦታው የሚለይበት ውል፣ አንደኛው ወገን ዋጋውን የሚያውቅ ሌላኛው የማያውቅ ሲሆን፣ ከውል ይልቅ ለስርቆት ይቀርባል ባይ ነኝ። አሮጌ መስቀልና አሮጌ ብራና እየዞረ የሚገዛ፣ የተሰበረውን በአዲስ ልለውጥላችሁ የሚል ደግ እንግዳ በደብሩ ወይም በአያት ቤት በር ሲመጣ፣ የሚሰጠው መልስ ሳይቸኩሉ ሽማግሌ ማማከር ነው፤ አገሩም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ከልክሏል።

አሁን ሦስተኛው፣ መዝገብ፣ በሥርዓቱ ሲሠራ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው። በብዙ አድባራት የዕቃ ቤቱ በር በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም፤ አንዱ ቁልፍ በቄሰ ገበዙ ዘንድ ሲቀመጥ ሌላው በሰበካ ጉባኤው ተወካይ እጅ ይሆናል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ መስቀሉም መጎናጸፊያውም አይወጣም። ቄሰ ገበዙ በሚለወጥበት ቀን ደግሞ ርክክብ ይደረጋል፤ አሮጌው እያነበበ፣ አዲሱ እያየ፣ ምስክሮች ቆመው፣ ዕቃው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሐሳቡ ቄሱን መጠርጠር አይደለም፤ የጎደለ ነገር ቢኖር መቼና በማን ዘመን እንደ ጎደለ ይታወቅ ዘንድ ነው። ተመዝግቦና ታይቶ የሚታወቅ ዕቃ የት እንደሚደርስ ሁለት ምስክሮች አሉን። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የነበረው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ አንድ የቤልጂግ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ መልኩ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለ ነበረ ሊደበቅ አልቻለም፤ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። በትግራይ ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋው ዘውድም፣ ሲራክ አስፋው የሚባል በሆላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሮተርዳም ውስጥ አግኝቶ 21 ዓመት ያህል ደብቆ ካቆየው በኋላ በ2012 ዓ.ም. ለአገሩ ተመለሰ፤ ዘውዱ በቤተ ክርስቲያኑ ካህን ራስ ላይ ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበረና የማን ነው የሚለው ክርክር አጭር ሆነ። ያለ ምስልና ያለ ጽሑፍ ከየገጠሩ ደብር የወጣውን ደግሞ ማንም የእኔ ነው ብሎ ሊጠይቀው አልቻለም።

የቤት መዝገብም ከዚህ አይለይም። አንድ ደብተር ይበቃል፤ ነገር ግን አንድ የወርቅ ጉትቻ ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ የሙሽርነት ጉትቻ፣ ጥንድ፣ ክብደቱ ይህን ያህል ግራም፣ የግራው መቆለፊያ አንድ ጊዜ ተሰብሮ በብር የተበየደ፣ ከጎኑም ሦስት ጭረት ያለው። ጉድለቱ ከውበቱ ይልቅ ምስክር ነው፤ ወርቅ ሁሉ ያበራል፤ በግራው በብር የተበየደ ጉትቻ ግን በአገሩ አንድ ነው። ስልክ ሲሆን *#06# ሲደውሉ የሚወጣውን 15 አኃዝ ያለውን የመለያ ቁጥር ይጻፉ፤ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ሲሆን ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር። የከብት መዝገብ ደግሞ ቀንዱን፣ ግንባሩን፣ የጆሮውን ምልክት ይይዛል፤ ይህን ገበሬው በልቡ ያውቀዋል፤ ዳኛ ግን ከልብ ላይ አያነብም። ጦር መሣሪያ ያለውም ሰው ቁጥሩንና የፈቃዱን ወረቀት ከመሣሪያው ለይቶ ያስቀምጥ፤ ከቤት የሚጠፋ ጠብመንጃ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚለየው ጉዳቱ በባለቤቱ ቤት ስለማያልቅ ነው። ደብተሩ የሚቀመጠው ከዕቃው ጋር በአንድ ሣጥን አይሁን፤ ግልባጩ በታመነ ዘመድ ቤት ወይም በፎቶግራፍ በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ይኑር።

ጥሬ ገንዘብን በሚመለከት የምለው አጭር ነው። አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ብር በማሰሮ ከምድጃ ሥር ይቀብሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ምሥጢሩን ለልጅ ሳይነግሩ ሞተው ብሩ ከነማሰሮው ቀርቷል። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡና ለመቀየሪያ ሦስት ወር ብቻ ሲሰጥ፣ ገንዘባቸውን በፍራሽና በጎታ ያኖሩ ሰዎች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ ገና አልተረሳም። ለነገ ከሚያስፈልገው በላይ ያለው ብር ባንክ ይግባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቤት ይሰረቃል። በዚያች ጧት ባለቤቱ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር ዕቃ ማንሣትና መጥረግ ሊሆን አይገባም፤ የእግርና የእጅ አሻራው ፖሊስ እስኪመጣ በቦታው ይቆይ። ሌባው ገና በቤት ውስጥ ሳለ የደረሰበት ከሆነ ደግሞ ጠብመንጃውን ከማንሣቱ በፊት ያስብ፤ በሕገ ኦሪት እንኳ ሌሊት ሰርስሮ በገባውና ፀሐይ ከወጣ በኋላ በተገኘው ሌባ ደም መካከል ልዩነት ነበረ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ከአደጋው ጋር ለተመጣጠነ ኃይል ነው፤ ቆርቆሮ ተሸክሞ የሚሸሽን ሰው ከኋላው የገደለ ባለቤት ተከሳሽ ሆኖ እንደሚቆም ይወቅ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥርጣሬ ነው። የቀድሞው ሰው ሌባን ለማግኘት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው አውጫጭኝ ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያየና የሰማ እንዲናገር ይጠየቃል፤ ነገሩ እስኪወጣም አይበተንም፤ ጉዳቱ አንዳንድ ጊዜ ንጹሑን ከሥራው አስፈትቶ ለቀናት ማስቀመጡ ነበር፤ መልካምነቱ ግን ምስክርነትን በግልጥ አደባባይ ማውጣቱ ነበር። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ይባላል፤ ለአንድ ብላቴና መድኃኒት የገባበት መጠጥ ተሰጥቶት፣ ወገቡ በመቀነት ተይዞ፣ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ በገባበት ቤት በወደቀበት መደብ ላይ የሚያድረው ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፤ ክርክር የለም፤ ምስክርም የለም። መንግሥት ይህን ሥርዓት ከልክሎታል፤ ነገር ግን በየቤቱ ያለ ምስክር የሚወነጀለው የቤት ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣው ዘመድና አዲሱ ተከራይ ዛሬም የዚያው ብላቴና ጣት የጠቆመባቸው ያህል ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ የሰው ስም ከመጥራቱ በፊት ደብተሩን ያውጣ፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ጠፋ የተባለው ጉትቻ ባለፈው ግንቦት ለእኅት ሠርግ በውሰት ሄዶ እንዳልተመለሰ ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና፤ የጎደለው ከተረጋገጠ በኋላ ዝርዝሩን በሁለት ግልባጭ ጽፎ አንዱን ለፖሊስ፣ ሌላውን ለጎንደር የወርቅ ሠሪዎችና ለስልክ ጠጋኞች ሱቅ ያድርስ፤ የተሰረቀ ጉትቻ መጀመሪያ የሚታየው በእነርሱ ሚዛን ላይ ነው።